ለኪራይ ቤት የተለቀሰ ልቅሶ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ህሊና «ሳቢያን ሰፈር ቤት ልከራይ ነው፣ ነይና እዪልኝ» ብላ በባጃጅ ይዛኝ ሄደች። እኔ ስለ ቤት ምን አውቃለሁ ስላት «አንቺ ግድግዳውን አይተሽ ባለቤቱን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ስታሞግሰኝ ጉልበቴ እንደሚጸና ታውቃለች። የሚያከራዩት ሁለት ወጣቶች ናቸው። ጫማቸው ያብረቀርቃል፣ ስልካቸው አያርፍም፣ «እናታችን፣ እናታችን» እያሉ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘውኛል፤ ልሮጥባቸው ይመስል። በሩን ሲከፍቱት እርጥብ ኖራ ሸተተኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ቀለም ነው የሚቀባው፤ እነሱ ግን የግድግዳውን ገመና ቶሎ ለመሸፈን ኖራ ለቅልቀውበት ነበር። እግሬ ደፉ ላይ ተተከለ። ህሊና «እማማ፣ አመመሽ እንዴ?» ትለኛለች፣ ልጆቹ ወንበር ፍለጋ ይራወጣሉ። እኔ ግን ሳቢያን አልነበርኩም። ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ነበርኩ፤ ወጣት ነበርኩ፤ ባሌ ደምሴ በረንዳው ላይ እያፏጨ ጺሙን ሲላጭ ይሰማኝ ነበር።

የከዚራው ቤታችን የማዳም ነበር። ማዳም ግሪካዊት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የቀረች፣ ከጃንጥላ የማይተናነስ ባርኔጣ አድርጋ ገበያ የምትወጣ ሴት። ሁለት ክፍልና ሰፊ በረንዳ ነበረው። መስኮቶቹ የእንጨት መጋረጃ አላቸው፤ ቀትር ላይ ሲዘጉ ብርሃኑ እንደ ሰንበሌጥ ተሰንጥቆ ወለሉ ላይ ይተኛል። በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይጠና ማዳም ሠራተኛ ልካ ቤቱን ኖራ ታስለቀልቅልን ነበር። «ነጭ ቤት ፀሐይ ይፈራዋል» ትል ነበር። አማርኛዋ እንደዚያው ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ቀትር ላይ እንዳለ ይተኛል። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ የጋሪው ፈረስ እንኳ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ያንቀላፋል። ፀሐይዋ ስትበርድ ነው ከተማው እንደገና የሚነጋው። ያኔ መንገዱ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ወንዶች ሽርጣቸውን አገልድመው ይወጣሉ፤ እኛ ሴቶች ነፋሱ ስስ ድሪያ ቀሚሳችንን እየነፋብን ከከዚራ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እንንሸራሸራለን። በአሥር ሳንቲም በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጊያ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጥሽ ነበር፤ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ጣትሽ ላይ ይደርሳል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ሸክላ ያስጮሃል፤ ዘፈኑ የአረብ ይሁን የሱማሌ ማንም ግድ አልነበረውም፤ ሁሉም አብሮ ያንጎራጉራል። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን በዚያች ጎዳና ላይ በሦስት ቋንቋ መሳደብ እችል ነበር።

ደምሴ የባቡር ሰው ነው። ከዕቃ ባቡር ጋር እስከ ጅቡቲ የሚሄድ፣ ፍሬን የሚይዝ። ሲመለስ ልብሱ የጥቀርሻና የባሕር ሽታ ይሸታል። ሁሌም ከቋጠሮው የሆነ ጨርቅ ይወጣል፤ አበባ ያለው፣ ውሃ የመሰለ፣ እጅሽ ላይ የማይቆም። የጅቡቲ ጨርቅ ለብሶ መንገድ መውጣት ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው፤ አልማዝና ገነት የሚባሉት ሁለቱ ልጆቼ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ቀሚስ ለብሰው ሲሄዱ ሰው ዞሮ ያያቸው ነበር። የምሰፋው እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ የእግር መኪናዬን አስቀምጬ ለሰፈሩ ሴቶች ድሪያ እሰፋለሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ ሲባል እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ደምሴ «ማዳም ምን አደረገችሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። «ምንም አላደረገችኝም፤ ግን አንድ ሰው ስድስት ቤት፣ ስድስት ሰው አንድ ክፍል ፍርድ አይደለም» አልኩት። ዛሬም ቢሆን ይህን ቃሌን አላጥፍም። ማዳም ባርኔጣዋን አድርጋ በባቡር ስትሄድ ሸኝቻታለሁ፤ ጉንጬን ስማ «አንቺ ጥሩ ተከራይ» አለችኝ። ኪራዩ ቀነሰ፣ ደስ አለን። ከዚያ ቤቶቹን የሚያስተዳድር ቢሮ ተከፈተ። ሰው ልከው በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ ወዲያ ኖራ የሚባል አላየንም። ጣሪያው ሲያፈስ «አመልክቱ» አሉን፤ አመለከትን፤ «ይታያል» አሉን። ቧንቧው ሲፈነዳ «ይታያል» አሉን። የሚያይ ግን አልመጣም። ማዳምን አንድ ቀን ፊቷ ቆሜ ልጮህባት እችል ነበር፤ ቢሮ ላይ እንዴት ይጮኻል? ፊት የለውም።

አንድ ጠዋት ደምሴ «ስመለስ ጣሪያውን ራሴ እወጣበታለሁ፣ እነዚህን አትለማመጪ» ብሎኝ ወጣ። የሄደው እንደ ወትሮው ከዕቃ ባቡር ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሱማሌው ጦርነት የመጣውና መስመሩ የተቆረጠው። የዚያን ጊዜውን ነገር ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ የማውቀው ከበረሃው በኩል የሚመጣው የባቡር ፉጨት መቆሙን ነው። በዚያ ፉጨት ነበር እኮ ምሳ የምንቀርበው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምንጠብቀው። ሰዓት የሞተ መሰለን። ከደምሴ ጋር ከሄዱት አንዳንዶቹ በእግራቸው ተመለሱ፤ ከንፈራቸው እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። አንዱን ስጠይቀው «ድልድዩ ጋ ተለያየን፣ ወደ ጅቡቲ የሄዱ አሉ» ይለኛል። ሌላው «ድልድዩ ጋ የወደቁ አሉ» ይለኛል። ደምሴን በዓይኔ አየሁት ያለ አንድም የለም። ሕያውም ሆኖ፣ ወድቆም። ከተማው ተረጋግቶ ባቡሩ እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር እያንዳንዱን እየወጣሁ አየሁ። ከዚያ ማየቱ ሲያቅተኝ ልብስ ሰፋሁ። ኪራዩን ከመኪናዬ አፍ እያወጣሁ አንድም ወር ሳላሳድር ከፈልኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቢሮው ሰው መጣ። ጓድ ክፍሌ ይባላል። ከደጋ አገር የተመደበ ነው፤ በዚያ ሙቀት ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣና በረንዳውን በዓይኑ ለካው።

«ተከራዩ የታሉ?»

«ሥራ ላይ።»

«የት ነው ሥራቸው?»

«ባቡሩ በሄደበት።»

«ባቡሩ ተመልሷል እኮ።»

«እሱን ለባቡሩ ንገረው፤ ሰዎቼን ጥሎ መጥቷል።»

አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቤቱ የተሰጠው በባለቤትሽ ስም ነው። ድንበር ተሻግረው ከሆነ የከዳ ሰው ቤት ይወሰዳል። ሞተው ከሆነ ለሚስትና ለልጆች ይዛወራል። ከሁለት አንዱን መወሰን አለብሽ።»

«ሰው እንደ በርበሬ ይመረጣል እንዴ? እኔ ምን አውቄ ነው የምወስነው?»

«እንግዲህ እኛ ጋ "አልተመለሰም" የሚባል ተከራይ የለም።»

ቢሮው ድረስ ሄድኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ጫማዬ ተረከዙ እስኪያልቅ። ጠዋት ስሄድ ስብሰባ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ስሄድ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጥቷል። ከእኔ ፊት አንድ ሽማግሌ ጣሪያው ወደቀበት ብሎ ቆሟል፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት ሁለት ቤተሰብ ባንድ ክፍል ቁልፍ ተሰጥቷቸው ተጋጭተው። ሁላችንም «ይታያል» ተብለን እንወጣለን። በመጨረሻ ጓድ ክፍሌ ራሱ ደጅ ላይ አገኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴትዮ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እድር አላችሁ አይደል? እድሩ ልቅሶ ከተቀመጠ ለእኛ ይበቃናል። ሕዝብ ያለቀሰለት ሰው ሞቷል። መጥተን በዓይናችን እናያለን፣ ቤቱን ወደ አንቺ እናዞራለን» አለኝ። ለልጆቼ ያሰበ መስሎኝ አመሰገንኩት። ቤቴ ገብቼ ነው ያለው ነገር የገባኝ። ባሌን ቅበሪና ቤትሽን ውሰጂ ማለቱ ነው።

ያለኝን ለአዴ ፋጡማ ነገርኳት። አዴ ፋጡማ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ሳቋ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለም አብሮ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው፣ ደምሴን ሥራ ያስገባው እሱ ነው። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ድንኳን የሚያለቅስበት ነበር።

«ናያ፣ ምን አለበት?» አለች አዴ ፋጡማ፤ የምትወደውን ሰው ሁሉ «ናያ» ነው የምትለው። «ሦስት ቀን እናልቅስ። ወላሂ፣ ከመጣ ደግሞ እንስቃለን። ደምሴ ራሱ ቢሰማ ነው የሚስቀው። "ምን አበላችሁብኝ?" ይላል።»

«በቁሙ አላለቅስበትም።»

«ቁሙን ማን አየ?» አለ ጋሽ በቀለ።

«ውድቀቱንስ ማን አየ?»

«አስካለ፣ ልጆቹን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልትተኚ ነው?»

«እተኛለሁ። ለሕያው ሰው የተለቀሰ ልቅሶ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ እናቴ ስትል ሰምቻለሁ። ደግሞስ ውሸት ነው። ለውሸት ፊቴን አልነጭም።»

«ኧረ አቦ! አንቺ ሴት ጭንቅላትሽ ከባቡር ሐዲድ ነው የተሠራው» ብላ አዴ ፋጡማ ሻሿን አራግፋ ተነሳች። ጋሽ በቀለ ግን ቁጥር የተጻፈበትን በር ሲያይ ቆየ። ያ አስተያየቱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር፤ አልፈራሁም እንጂ።

ህሊና አሁን ይህን ሳወራላት «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ክሰሻቸው አትሄጂም?» ትለኛለች። ልጆች ዛሬ ሁሉ ነገር ደጁ የተከፈተ ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ሰው የሚናገረውን ሁለት ጊዜ አኝኮ ነው የሚያወጣው። ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ሲነጋገር እንኳ መጀመሪያ መንገዱን ያያል። እኛ ሴቶች ሳቃችን አልጠፋም ነበር፤ ግን ሳቁ እንደ ቀድሞው በረንዳ አይወጣም፤ ጓዳ ውስጥ ይቀራል። የጅቡቲው ጨርቅም ጠፋ፤ ቢገኝ ተደብቆ ነው፤ እሱን ለብሶ መንገድ መውጣት «ከየት አመጣሽው?» ያስብላል። እኔ የልጆቼን ቀሚስ ገልብጬ ሰፋሁት፤ አበባው ወደ ውስጥ ዞረ።

በሙቀቱ ጊዜ ድሬዳዋ ሰው አልጋውን ወደ ውጪ አውጥቶ ነው የሚያድረው። እኔም ከልጆቼ ጋር በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሊነጋ ሲል፣ ሰማዩ አመድ ሲመስል፣ በሩ ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ጋሽ በቀለን አየሁት፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ከኋላው የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ ከነሱም ኋላ ሴቶች። ያገራችን ሰው ገና ሳይነጋ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ተመለሱ» አልኩ። «ጋሽ በቀለ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ተመለስ።»

ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «ቤቱን ላድንልሽ ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ በድምፁ ሁሉ «አስካለ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ! ደምሴ አርፏል!» አለ።

ጥሩምባው ተነፋ። ሴቶቹ ገቡ።

«አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። ይኼን ስል ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። «አልሞተም፣ ውሸት ነው!» ስል ከወንዶቹ ዕንባ የመጣቸው አሉ። ለካ ያገራችን ሴት ባሏ ሲሞትባት የምትለው እሱኑ ነው! ማን ነው መርዶ ሰምቶ «እሺ» የሚል? እኔ እውነቴን በጮህኩ ቁጥር ልቅሶው ጠነከረ። ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ገመድ ስነጥቅ «ያዟት፣ ራሷን እንዳትጎዳ» ተባለና አራት ሴት ያዘኝ። አዴ ፋጡማ ከአራቱ አንዷ ነበረች። ፊቷን ሳየው በዕንባ ታጥቧል፤ «ናያ፣ ይህን አላውቅም ነበር፣ ወላሂ አላውቅም ነበር» ትለኛለች። ዕንባዋ የውሸት አልነበረም። የማንም የውሸት አልነበረም። ለቤቱ ብለው የመጡት ሁሉ ደምሴን ሲያነሱት ጊዜ እውነት አለቀሱ፤ ፉጨቱን እያነሱ፣ የቸረውን እያነሱ። እኔ ብቻ ነበርኩ ዓይኔ የደረቀ።

ከሁሉ የከፋው አልማዝ ናት። ጥሩምባው ሲነፋ ከእንቅልፏ ተነስታ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። «አባዬ ሞተ?» አለችኝ። «አልሞተም፣ የኔ ልጅ፣ ለቤቱ ነው» አልኳት። የሚያለቅሱትን ዞር ብላ አየች፤ እኔን አየች። ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ ነገር ሲል፣ ፀጉሯ የተበተነ እናት ብቻዋን ሌላ ስትል፣ ልጅ ማንን ታምናለች? መሬት ላይ ተደፍታ እንደ ትልቅ ሰው አለቀሰች። አንስቼ ባቅፋትም ሰውነቷ ከዚያ ቀን ወዲያ ለእኔ አልላላም።

ጓድ ክፍሌ እንዳለው መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ዘገነ። ሲወጣ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ፤ ያን ጊዜ ጓዶች እግዜርን በአደባባይ አይጠሩም፤ አዴ ፋጡማ «ንፍሮው ነው አማኝ ያደረገው» አለች ከጎኔ። ሰው በልቅሶ መሐል መሳቅ ይችላል፤ ሳቅን።

ድንኳኑ በተነሳ ማግሥት ተመልሶ መጣ። የዛሬው አመጣጡ ሌላ ነው፤ አብሮት ሁለት ሰው አለ፣ ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም።

«ሴትዮ፣ የሟች ውል ተዘግቷል። ቤቱ ለሌላ ጓድ ተመድቧል።»

«ለሚስትና ለልጆች ይዛወራል አላልከኝም?»

«መመሪያው ተቀይሯል። ደግሞ ለሦስት ሰው ይሰፋል። ሌላ አንድ ክፍል ይፈለግልሻል።»

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ነው የታየኝ። «እንግዲያውስ አልሞተም» አልኩት። «ስማኝ፣ ደምሴ አልሞተም። ማንም ሲሞት አላየውም።»

ጓድ ክፍሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሕዝብ አልቅሶለት? እድሩ ዋሽቷል ነው የምትይው? ሊቀመንበሩ ሐሰት መስክሮ መንግሥትን አታሏል? ይህን በጽሑፍ ስጪኝ፣ ዛሬውኑ አስጠራቸዋለሁ።»

ጋሽ በቀለ አጥሩ ሥር ቆሟል። ነጠላው አሁንም የተዘቀዘቀ ነው። «ንገሪው፣ አስካለ። ንገሪው፣ እኔ ልጠየቅ» አለኝ። ያን ጊዜ የተጠሩ ሰዎች ሁሉ አይመለሱም ነበር። አንድ ሰው ከእጄ ጠፍቷል። ሌላውን በእጄ ልስጥ? ለኃጢአት ብሎ ሳይሆን ለእኔ ብሎ የዋሸ ሽማግሌ ነው። አፌን ዘጋሁ። እኔ፣ ለማንም አፌን ዘግቼ የማላውቅ ሴት፣ ያን ቀን ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ደምሴን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበረው።

ዕቃችን ጋሪ አልሞላም። የእግር መኪናዬን አልጋው ላይ ጭነን ደቻቱን ተሻገርን። የተሰጠችን ክፍል ጭቃ ቤት ናት፤ ቆርቆሮዋ ዝቅ ብሎ ቀትር ላይ አናት ያፈላል። መስኮት የምትባለው ቀዳዳ ናት። መጀመሪያ ሰሞን የልብስ ደንበኞቼ ከከዚራ ድረስ ይመጡ ነበር፤ እያደር መንገዱ ራቃቸው። ዝናብ ተራራው ላይ ሲዘንብ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ደርሶ ደጃችንን ይልሳል፤ ልጆቹን አልጋ ላይ አውጥቼ ቆሜ አድራለሁ። ገነት ሳሏ አልለቅ ያላት እዚያ ነው። ዓመት ሲሞላው ሴቶች «ተዝካሩስ?» አሉኝ። «ለማን?» አልኳቸው። ጥቁር አለመልበሴን አይተው ልብ የላትም የሚሉኝም ነበሩ። አልማዝ ግን ቤተክርስቲያን እየሄደች ከሙታን ጋር ስሙን ታስጠራ ነበር። አልከለከልኳትም። ምን ብዬ? ሁለታችን ባንድ ክፍል ውስጥ፣ እሷ ከሞተ አባት ጋር፣ እኔ ካልመጣ ባል ጋር፣ ሳንነጋገር ኖርን።

ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥቱ ሳይለወጥ፣ ጋሽ በቀለ በምርኩዝ ደቻቱን ተሻግሮ መጣ። መስመሩ ላይ ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች ጥሩ ጥሩ ቤት ሊሰጥ ነው ተባለ አለኝ። ቧንቧ ያለው፣ የሲሚንቶ ወለል ያለው። «ስምሽ አለ፤ አንቺ ሄደሽ ቃልሽን መስጠት ብቻ ነው። ይህችን እንኳ አይቼ ልሙት» አለኝ። ገነት ጥግ ላይ ትስላለች። አልማዝ ነጠላዋን አነሳች፤ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። አሁን ቁመቷ ከእኔ በልጧል።

ቢሮው ያው ነው። ጓድ ክፍሌ የለም፤ ወዴት እንደተዛወረ አልጠየቅሁም። ወንበሩ ላይ አንዲት ጨዋ ልጅ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን በሹሩባ የያዘች፣ ድምፇ የለሰለሰ። አልማዝን በር ላይ አቁሜ ገባሁ።

«እትዬ አስካለ፣ አቶ ደምሴ ባለቤትዎ ናቸው?»

«ናቸው።»

«መስመሩ ላይ ሞተዋል። ልክ ነው?»

እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየሁ።

«እትዬ፣ "ልክ ነው" ብቻ ይበሉኝ፤ ቁልፉን ዛሬ ይወስዳሉ።»

የሲሚንቶው ወለል ታየኝ። የገነት ደረት ታየኝ። ከንፈሬም ተከፍቶ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እነሱ ናቸው ሞተ ያስባሉት፤ እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ አላልኩትም።

«ባለትዳር ነኝ» አልኳት።

«እንዴ?»

«የት እንዳለ ግን አላውቅም። እናንተም አታውቁም። አናውቅም ብላችሁ ጻፉና ቤቱን ስጡኝ፤ እወስዳለሁ።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አዘነች፤ ማዘኗ ይታያል። «እንደዚያ ብዬ ለመጻፍ ቦታ የለኝም፣ እትዬ» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

አልማዝ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ሰጡሽ?»

«አልሰጡኝም።»

«ለምን?»

«አባትሽ ሞቷል በይ አሉኝ። አላልኩም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መብቷ ነው። እሷ ግን ያን ቀን በረንዳው ላይ እንዳየችኝ አየችኝ፤ ለረጅም ጊዜ። «ታዲያ አልሞተም እንዴ?» አለችኝ።

«አላውቅም። እነሱም አያውቁም። ይህንኑ ነው የነገርኳቸው።»

ነጠላዋን ተከናነበች። ጎን ለጎን ወደ ደቻቱ ወረድን። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ግመል የሚነዱ ሰዎች አለፉን። መሐል ስንደርስ ቆመች።

«እማዬ፣ ቁመቱ ምን ያህል ነበር?»

እጄን ከአናቴ በላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ቀና ብዬ እጄን አየሁት፤ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ ትንሽ ጨመርኩበት።